ዳባ ለለበሰችው መኪና ባለቤት

ከጥቁር ውኃ ማርያም፣ በደምበጫ መንገድ
ነሐሴ ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ

ለክቡር ካፒታኖ ሎርዲኒ፣ የወረዳችን ረዚደንቴ፣ የመንገዱና የድልድዩ፣ የጆሯችንና የአፋችን አዛዥ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ራስ ምታትዎ ተሻለዎት ወይ? ጆሮዎስ ዐረፈልዎ ወይ? በዚህ ክረምት የሌሊት የሱፍ ልብሳችን ባና ተወስዶብን በገለባ ላይ የምናድር ሰዎች ብርዱ ባነቃን ቁጥር የምናስበው የእርስዎን ጆሮ ነው። እኛ በሥላሴ ቸርነት፣ ከሳሉትና ከታሰሩት በቀር፣ ሁላችን ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ የጥቁር ውኃ ማርያም ቄሰ ገበዝ ነኝ። የደብሩ ሰምና ደወል ጠባቂ ነበርኩ። አሁን ሰሙ በመኪናዎ በር ላይ ነው፣ ደወሉም ምላሱ በጨርቅ ታስሮ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ለመጻፍ ጊዜ አግኝቻለሁና ስለ ሰጡኝ ዕረፍት አመሰግናለሁ። ደብዳቤዬ በየገበያው ዛፍ ላይ የተለጠፈው እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስለ እርስዎ የሚነገረውን ከሁሉ በኋላ የሚሰሙት እርስዎ መሆንዎን ስለምናውቅ፣ ሌላው ሰው ቶሎ አንብቦ ተራው ቶሎ እንዲደርስዎ ብለን ነው።

የምጽፈው ስለ አንድ ሰው ነው። ስሙ ባዘዘው ይባላል፤ በግቢዎ እስር ቤት ታስሮ በመጪው የገበያ ቀን በደምበጫ ሊሰቀል የተፈረደበት ገበሬ ነው፣ እኔም የንስሐ አባቱ ነኝ። ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎና አቤቱታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ የእናንተ ሰዎች በቁጥር የቀረበ ነገር ይወዳሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

፩ኛ፤ ስለ መኪናዎ ሕመም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ የሚወስደው አዲሱ መንገድ ሲሠራ ድንጋዩን የሰበርነው እኛ ስለሆንን፣ ጠጠሩ እየተፈናጠረ የመኪናዎን ሆድ ሲደበድብና ራስዎን ሲያሳምምዎ ጥፋቱ የእኛ መሆኑ በቱርጁማንዎ፣ በአስተርጓሚው በአቶ ድረስ በኩል ተነግሮናል፣ እኛም አምነናል። እየተገረፈ ድንጋይ የሚሰብር ሰው ስለ ሹም ጆሮ ማሰብ ነበረበት። ከጮቄ የሚወርደው ነፋስም በበሩ ስንጥቅ እየገባ ያፏጭብኛል ብለዋል። ነፋሱን የላካችሁት እናንተ ናችሁ ስላላሉን ምስጋናችን ከልብ ነው።

መድኃኒቱን በገዛ እጅዎ እንደ ሠሩ ለመመስከር ወደ ኋላ አልልም። ኮትዎን አውልቀው፣ እጅጌዎን ሰብስበው፣ ከመኪናዋ ሥር በጀርባዎ ሲንጋለሉ የወረዳው ሕዝብ ሥራ ፈትቶ ቆሞ አየዎት። ለመንገዱ የመጣውን ሬንጅ አቅልጠው ወለሉን ቀቡ፣ ሬንጁ ሳይደርቅ ባና አነጠፉበት፣ በባናው ላይ ቁርበት ደረቡበት፤ በበሮቹ ሆድ የበግ ጠጉር ጠቀጠቁ፤ ጣሪያውን ዝናብ እንዳይደበድበው ከውስጥ በሌላ ባና ለበጡት። ሹም ሲሠራ ማየት ለእኛ አዲስ ነገር ነው። እጁ የእርስዎ ነበር፣ ዕቃው ብቻ የእኛ ነው።

ከባናዎቹ አንዱ የእማሆይ ወለተ ሐዋርያት ነበር። እማሆይ ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሥር በምትገኝ ጎጆ የሚኖሩ አሮጊት መነኩሲት ናቸው። ባናቸው ሲወሰድ አላለቀሱም፤ «እንግዲህ ባናዬ ከእኔ ቀድሞ ከተማ ገባ» ብለው ሳቁ። በአገራችን የሰው አቤቱታ አልሰማ ያለውን ሰው «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» እንለዋለን፤ ዳባ ማለት ድኻ የሚለብሰው የለፋ ቆዳ ነው። እንዲህ የተባለላቸው ሹሞች ከእርስዎ በፊትም ብዙ ነበሩ፤ ለጆሮው እውነተኛ ዳባ በልኩ ያሰፋ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።

፪ኛ፤ ስለ ሰሙ። በሩ ከደፉ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያውን የበግ ለምድ ለመለጠፍ ማጣበቂያ ስለፈለጉ፣ ለጧፍ ያስቀመጥነውን የደብሩን ሰም በሙሉ ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ዲያቆኑ ወንጌሉን የሚያነበው ደጅ በር ላይ ቆሞ በቀን ብርሃን ነው፤ ደመና በሆነ ቀን በቃሉ ይለዋል። መስተዋቱ እንዳይንቀጫቀጭም አንድ የብራና ቁራጭ ሸጉጠዋል። ያን ጊዜ ልነግርዎ ፈልጌ ነበር፣ ወታደሩ አፌን ስለ ያዘኝ ቀረ፤ ያቺ ብራና ከአሮጌው መጽሐፈ ግንዘት የተላቀቀች ቅጠል ናት፣ ለሙታን የሚደገመው ጸሎት የተጻፈባት። በሄዱበት ሁሉ ከጆሮዎ አጠገብ ተቀምጣ ትሄዳለች፤ ስለዚህ ያለ ጸሎት አይጓዙም።

የቅኔ አገር ሰዎች ስለሆንን ሰም ሲወሰድብን ብዙ አንደነግጥም። ወርቁ እዚሁ ከእኛ ጋር ቀርቷል። የዚህን ደብዳቤ ወርቅ አቶ ድረስ ፈልገው ያውጡልዎ።

፫ኛ፤ ስለ ፈተናው ቀን። ሥራው ባለቀ ጊዜ የሦስት አጥቢያ ሕዝብ በሜዳው እንዲሰበሰብ ታዘዘ። እርስዎ ገብተው በሩን ዘጉ፤ እኛም በመኪናዋ ዙሪያ ቆመን ባለን ድምፅ ሁሉ እንድንጮህ ተነገረን። መጀመሪያ ምን ብለን እንደምንጮህ ስላላወቅን አፍረን እርስ በርሳችን ተያየን። ኋላ አንዷ ሴት «ባናዬን መልስልኝ» ብላ ጀመረች። ሌላው «ልጄን ፍታልኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይገታው? የተወሰደ በሬ፣ የተቃጠለ ክምር፣ የተገረፈ ጀርባ፣ የአባት የእናት ርግማን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወጣ። አንድ ሽማግሌ ከንፈራቸውን ከመስተዋቱ ላይ ለጥፈው የልባቸውን ሲነግሩዎ አይቻለሁ። እርስዎም ከመስተዋቱ በስተኋላ ዓይንዎን ጨፍነው ፈገግ ብለው ተቀምጠው ነበር።

ይህን ፈገግታ ሕዝቡ አይረሳውም። ሕዝብ በሹሙ ፊት የልቡን ሲናገር በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ዕድሉን ስለ ሰጡን እናመሰግናለን። አቶ ድረስ ውጭ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ከመኪናዋ ሲወርዱ ምን እንዳልን እንደጠየቋቸውና እሳቸውም «ዕድሜ እየመረቁልዎ ነው» እንዳሉዎ ሰምተናል።

፬ኛ፤ ስለ አንዲት ቃል። ያን ቀን በቋንቋዎ የተናገሩት፣ ከግቢዎ ሰዎች በኋላ እንደተረዳነው፣ «ውስጧ ጸጥ ብሏል፣ ይህ ጸጥታ እንዲጠበቅ በሯን ማንም አይንካ» የሚል ነበር። አቶ ድረስ ግን ቋንቋዎን የተማሩት በወታደር ሰፈር ነውና ጸጥታ ሲባል የሚያውቁት አንዱን ብቻ ነው፣ በጠመንጃ የሚጠበቀውን። ስለዚህ በማግስቱ «ረዚደንቴው ጸጥታ ይጠበቅ ብለዋል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ድምፅ ያሰማ ጸጥታ አደፍራሽ ነው» ተብሎ ዐዋጅ ተነገረ። ለመኪና የተባለው ለአገር ሆነ። ስሕተቱን በኋላ ሲሰሙ «ይኸኛው ይበልጥ መልካም ነው» ብለው ዐዋጁን እንዳጸኑትም ሰምተናል፤ ስሕተት ሲያገኝ የሚያቅፍ ሹም ሰጥቶናል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደወል የለም። ለቡሄ ጅራፍ የገመደ የለም። ሰው ከሸንተረር ወደ ሸንተረር አይጣራም፣ ለቀብር ጥሩምባ አይነፋም። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት በሐምሌ ሞቱ። ብርዱ ገደላቸው አልልም፣ ዕድሜያቸውም ገፍቶ ነበር። ነገር ግን ጥሩምባ ስላልተነፋ ከወንዙ ማዶ ያሉ ዘመዶቻቸው ሳይሰሙ ቀሩ፤ እኛም ሬሳቸውን ተሸክመን ከመንገዱ አጠገብ ስናልፍ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ እየነከሱ በውስጣቸው አለቀሱ። ብዙ ሰው ቀብሬአለሁ፣ እንደዚያ ያለ ቀብር ግን አላውቅም። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በትሕትና የጻፍኩ ቢመስልዎም በዚህ ነገር አዝኛለሁ፣ ተቈጥቻለሁም።

፭ኛ፤ ስለ ባዘዘው። ባዘዘው ጉሮሮ የሰጠው ሰው ነው፤ ከአንዱ ሸንተረር ሲጣራ በሌላው ይሰማል። በሬ ሲጠፋ፣ ጎርፍ ሲመጣ፣ ሰው ሲሞት አገሩ የሚያውቀው በእሱ ድምፅ ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ወዲህ እሱም እንደ ደወላችን ታስሮ ተቀምጦ ነበር።

በሐምሌ አንድ ቀን ከእርሻው ላይ ቁልቁል ሲያይ የጥቁር ውኃ ወንዝ ጎርፍ የመንገዱን ድልድይ መካከለኛ ግንድ ይዞት ሄደ። ወዲያው የእርስዎ መኪና በመታጠፊያው ብቅ አለች። ባዘዘው ጮኸ። በወንዙ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ሰማው፣ በሬዎቹ ሳይቀሩ ቀና አሉ፣ መኪናዋ ግን እንደ መጣችው ትመጣለች፤ የእማሆይ ባና ሥራውን በሚገባ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ፣ በመስተዋትዎ ላይ ወረወረው። ነጂዎ ዓይኑ ሲሸፈንበት ቆመ። የፊት ጎማዋ ከአፋፉ ደርሳ ነበር።

በሩን ሲከፍቱ ባዘዘው ገና እየጮኸ ነበርና ጸጥታ ሲያደፈርስ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። የድልድዩን ስብራት ባዩ ጊዜ ደግሞ በእውቀት የተሞላ ፍርድ ሰጡ። ድልድዩ መሰበሩን ከሁሉ አስቀድሞ ያወቀው እሱ ነው፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰባሪው ነው፣ እንግዲህ ሰባሪው እሱ ነው አሉ። በጉባኤ ቤት ብዙ ዘመን ተቀምጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ትርጓሜ ግን ከየትኛውም መምህር አልሰማሁም።

በእስር ቤት ሄጄ አይቼዋለሁ። የነገረኝ ኑዛዜ ስላልሆነ ልንገርዎ። የሰውየውን ማንነት እያወቀ ስለ ምን እንደጮኸ ብጠይቀው «አባ፣ እኔ እኮ የማን እንደሆነች አላሰብሁም፤ ሰው ነው የሚመጣ ብዬ ነው የጮኽሁ» አለኝ። ሚስቱ ሥራነሽ ስንቁን ይዛ በየቀኑ ከግቢዎ በር ትቆማለች፤ ስንቁን ዘበኛው ይቀበላታል፣ እሷን ዝም በይ ይላታል፣ እሷም ዝም ትላለች። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይዛኝ «አባ፣ እንግዲህ ዝም ነው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ ደብዳቤ ለእሷ የሰጠሁት መልስ ነው።

፮ኛ፤ ስድስተኛ አቤቱታ የለኝም። ስለ ድልድዩ ጻፍ ብለው የሚገፋፉኝ ነበሩ፣ እኔ ግን እምቢ አልኩ። ከባዘዘው መታሰር በኋላ እኛው ተይዘን ግንዱን ቆርጠን በቦታው ተክተናል፤ ወታደሮችዎ ከላይ ሆነው በጫማቸው ረግጠው መልካም ነው ብለዋል፣ ከላይ ላየውም መልካም ነው። ከታች፣ ውኃው ውስጥ፣ የድልድዩ የድንጋይ እግር እንዴት ሆኖ እንደቆመ የጠየቀን የለም። ከዚያ ወዲህ ዝናቡ አላባራም። ከወንዙ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ደንጊያ ከደንጊያ ጋር ሲነጋገር እንሰማለን ይላሉ። እኔ ግን አልሰማሁም፣ አላየሁም፣ አላውቅም። ድልድይ መበላቱን ቀድሞ የተናገረ ሰባሪው ነው ተብሎ በእርስዎ አንደበት ተፈርዷልና፣ እኔ ሽማግሌ ሰባሪ ልባል አልፈልግም። ይህን ደብዳቤ ያነበበ ሁሉ ይመስክርልኝ፤ ስለ ድልድዩ አንዳች አልተናገርኩም።

ስለ ገበያው ቀን ያወጡትን ትእዛዝ ግን ደጋግሜ አስነብቤዋለሁ። ባዘዘው በዋዜማው ከአስካሪ ወታደሮችዎ ጋር በእግሩ ወደ ደምበጫ ይወሰዳል ይላል። እግረኛ በላይኛው ዐለት በኩል ስለሚሻገር ልባችን ዐርፏል። እርስዎ በማግስቱ ከአቶ ድረስ ጋር በመኪናዎ እንደሚከተሉ ይላል። እርስዎ ደርሰው እጅዎን ካላነሡ ገመዱ እንዳይሳብ፣ እርስዎ ከቀሩም እስረኛው የእርስዎን ትእዛዝ እየጠበቀ እንዲቆይ ይላል። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ያስጻፈዎት መንፈስ ምን እንደሆነ አላውቅም። ሥራነሽ ስትሰማው መሬት ሳመች።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ካህን ነኝ። የማንንም ሞት እንድመኝ አልተፈቀደልኝም፣ የእርስዎንም ቢሆን፤ ይህ ቀላል እንዳልሆነልኝ ግን እነግርዎታለሁ። ሰው ወደ ገደል ሲሄድ እያየሁ ዝም ብል በሰማይ እጠየቃለሁ። ብጮኽ በምድር እሰቀላለሁ። ስለዚህ ድምፅ የሌለው ጩኸት ፈለግሁና ይህን ወረቀት አገኘሁ፤ ወረቀት ጸጥታ አያደፈርስም። አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ባዘዘውን ይፍቱት። ወደ ሸንተረሩ ይመለስ፣ አፉም ይፈታለት። ወንዛችንን እንደ እሱ የሚያውቀው የለም፤ በዚህ አገር ለእርስዎ የጮኸልዎ ሰውም እሱ ብቻ ነው። እሱ ከተሰቀለ ሌላ የሚጮህ አያገኙም። እኛ መጮህ አቅቶን አይደለም፣ ታዘናል። ከቶም እንዲህ በደንብ የተከበረ ዐዋጅ በጎጃም ኖሮ አያውቅም።

ባይፈቱትም ቅር አንሰኝም። እኛ ቃል እንጠብቃለን፣ እርስዎም ምቾትዎን ይጠብቃሉ፤ በሩን ደኅና አድርገው ይዝጉት፣ ሰሙም በፀሐይ እንዳይቀልጥ ጥላ ለጥላ ይሂዱ፣ እንደዚያ ቀን ዓይንዎን ጨፍነው ፈገግ ይበሉ። የጮቄ ነፋስ አያስቸግርዎትም። ጠጠሩም አይሰማዎትም፣ ሌላውም ነገር አይሰማዎትም።

እግርዎ የረገጠው እንዲጸና፣ መንገድዎ እንዲቀና፣ ለሰው የተመኙት ሁሉ ሳይጎድል ለእርስዎ እንዲሆንልዎ በባዶ መቅረዝ ሥር ቆሜ የምጸልይልዎ፣ ሰም የሌለው ሰም ጠባቂ፣ ደወል የሌለው ደወል ደዋይ፣ ትሑት አገልጋይዎ የጥቁር ውኃ ማርያም ቄሰ ገበዝ ነኝ። ስሜን ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም፤ ይህች የሸምበቆ ብዕር ስም ስትጽፍ ትንጫጫለችና ጆሮዎን እንዳታውክ ብዬ ነው።

ጨርሼ የረሳሁት፤ ይህ ደብዳቤ በአማርኛ ስለተጻፈ የሚያነቡልዎ አቶ ድረስ ናቸው። በመኪናዋ ውስጥ ከጎንዎ የሚቀመጡት እሳቸው ስለሆኑ በዚህ ጊዜ እንኳ ቃል አይሳሳቱም ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ ቢሳሳቱም ለሁለታችሁ ነውና አይቀየሟቸው። በገበያው ቀን የሦስቱ አጥቢያ ሕዝብ ሊሸኝዎ ከወንዙ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ይቆማል። ሁሉም አፉን በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ ይጠብቅዎታል። ሥራነሽም ከፊት ትቆማለች። አንድም ሰው ድምፅ አያሰማም፣ ጸጥታዎ ይጠበቃል።